የአየር ሁኔታንና የአየር ንብረትን በተግባር ማስተማር፦ ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ መረጃ

ስለ አየር ሁኔታ የሚሰጥ ትምህርት ቤተ ሙከራው ከደጅ ነው። ዝናቡ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይዘንባል፤ ንፋሱ ሰንደቅ ዓላማውን ያውለበልባል፤ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ ታግላለች። ይሁንና ብዙ ተማሪዎች ስለ ዝናብና ስለ ሙቀት የሚያውቁት ትርጉሙን በቃል አጥንተው በፈተና ወረቀት ላይ በመጻፍ ብቻ ነው። ይህ መረጃ መምህራን፣ ወላጆችና የትምህርት ቤት ክበባት በአካባቢያቸው በሚገኙ ቁሳቁሶች ተጠቅመው ልጆች የአየር ሁኔታን ራሳቸው እንዲለኩ፣ እንዲመዘግቡና ከመዝገቡ እንዲማሩ ለማድረግ የሚያስችሉ ተግባራትን ያቀርባል። መሣሪያውን መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ዋናው ትምህርት የሚገኘው በየቀኑ በታማኝነት ከሚያዘው መዝገብ ነው።

የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት ልዩነት

ሁለቱ ቃላት በዕለት ተዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ሲነገሩ ይሰማል። የአየር ሁኔታ ማለት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ወይም ቀን የሚታየው የሙቀት፣ የዝናብ፣ የንፋስና የደመና ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት ግን የአንድ አካባቢ የአየር ሁኔታ በረጅም ዓመታት ውስጥ የሚያሳየው አማካይና የመለዋወጥ ጠባይ ነው። በዓለም አቀፍ አሠራር የአየር ንብረት አማካይ የሚሰላው በ30 ዓመታት መረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው።

በዚህ ምክንያት በአንድ ዓመት ዝናብ ስላነሰ ብቻ የአየር ንብረት ተለውጧል ብሎ መደምደም አይቻልም። ለምሳሌ በ2007 ዓ.ም. የክረምት ወራት ጠንካራ የኤል ኒኞ ክስተት በአገራችን ሰፊ ክፍል የዝናብ እጥረት በማስከተሉ ከ10 ሚሊዮን በላይ ዜጎች የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነው ነበር። የአንድ ዓመት ክስተት ይህን ያህል ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የዘመናት ለውጥ ስለመኖሩ የሚታወቀው ግን የብዙ ዓመታት ልኬት ተሰብስቦ ሲነጻጸር ነው። ይህን ልዩነት በልጅነቱ በገዛ መዝገቡ የተረዳ ዜጋ፣ ካደገ በኋላ የዘር ጊዜውን ሲወስን ወይም የአየር ትንበያ ሲያዳምጥ የሚሰማውን ነገር መመዘን አይቸገርም።

ተግባር 1፦ ዝናብ መለኪያ

ለዚህ ተግባር የሚያስፈልጉት ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ መቀስ፣ ጠጠር፣ ማስመሪያና የማይለቅ ቀለም ናቸው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

- የጠርሙሱ የላይኛው ክፍል መጥበብ ከሚጀምርበት ቦታ ይቆረጣል። በትንንሽ ክፍሎች ቆረጣውን መምህሩ ያከናውናል።
- የጠርሙሱ ግርጌ ወጣ ገባ ስለሆነ ጥቂት ጠጠር ይጨመርበታል፤ ከጠጠሩ በላይ ቀጥ ወዳለው ክፍል እስኪደርስ ድረስም ውሃ ይፈስበታል። የውሃው ወለል ያረፈበት ቦታ ዜሮ ተብሎ ምልክት ይደረግበታል።
- ከዜሮው ጀምሮ ወደ ላይ በየ1 ሚሊ ሜትሩ መሥመር ይሰመራል።
- የተቆረጠው የላይኛው ክፍል ክዳኑ ወልቆ፣ አፉ ወደ ታች ተዘቅዝቆ በጠርሙሱ ላይ ይደፋል። ይህም ውሃው እንዳይተን ይረዳል።

የሚዘቀዘቀው ክፍል የጠርሙሱን ያህል ስፋት ስላለው በማስመሪያው የሚነበበው ከፍታ በቀጥታ የዝናቡ መጠን ነው። በጠባብ ዕቃ ላይ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ከተደፋ ግን ንባቡ ከእውነተኛው ይበልጣል። ተማሪዎች ሁለቱንም ሠርተው ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ የስፋትን ትምህርት በተግባር ይረዳሉ።

መለኪያው ከዛፍና ከሕንፃ ርቆ በገላጣ ቦታ በምሰሶ ላይ ይታሰራል። ርቀቱ በአቅራቢያው ካለው ነገር ቁመት ቢያንስ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ንባቡ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይወሰዳል። ከንባብ በኋላ ውሃው እስከ ዜሮው ምልክት ይቀነሳል። የቀረው ውሃ የትንኝ መራቢያ እንዳይሆን በየጥቂት ቀኑ መቀየር ይገባል።

ልጆች የልኬቱን ትርጉም እንዲረዱ ወደ ሚያውቁት ነገር መመለስ ይጠቅማል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። የመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ 10 ሜትር በ8 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 80 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ሌሊት 15 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በጣሪያው ላይ 1,200 ሊትር ውሃ ወርዷል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር 60 ጀሪካን ማለት ነው። ከምንጭ ውሃ የሚቀዳ ልጅ ይህን ቁጥር በቀላሉ አይረሳውም።

ተግባር 2፦ የሙቀት መጠን

ትምህርት ቤቱ አንድ የአየር ሙቀት መለኪያ ቴርሞሜትር ካለው በቂ ነው። ባለ ሜርኩሪ ቴርሞሜትር ቢሰበር ለጤና አደገኛ ስለሆነ ባለ አልኮል ወይም ባለ ዲጂታል መሣሪያ ይመረጣል። ለትኩሳት መለኪያ የሚያገለግለው ቴርሞሜትር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቴርሞሜትሩ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ነፋሻ በሆነ ጥላ ሥር፣ ከግድግዳ ተነጥሎ ይሰቀላል። በፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር የአየሩን ሳይሆን ፀሐይ ያሞቀችውን የራሱን አካል ሙቀት ያነባል። ተማሪዎች ይህን ለማረጋገጥ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በፀሐይ፣ በዛፍ ጥላና ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ለክተው ውጤቱን ያነጻጽሩ። ዛፍ መትከል ለምን እንደሚጠቅም ይህ ልኬት ከብዙ ማብራሪያ በላይ ያሳያል።

ሁለተኛው ንጽጽር በከፍታ ላይ የተመሠረተ ነው። አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታው በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። አገራችን ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ከሚለው የደናክል ረባዳ መሬት እስከ 4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ዳሽን ድረስ የምትዘረጋ በመሆኗ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚለው ነባር አከፋፈል ከዚህ እውነታ የመነጨ ነው። አዲስ አበባ ከአዳማ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በዚህ ስሌት የ4 እና የ5 ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል። በተለያየ ከፍታ የሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ የሳምንት መዝገብ ቢለዋወጡ ተማሪዎቹ ስሌቱን ራሳቸው ሊፈትኑት ይችላሉ።

ተግባር 3፦ ንፋስና ደመና

የንፋስን አቅጣጫ ለማወቅ አስቀድሞ ምሥራቅና ምዕራብን መለየት ያስፈልጋል። 1 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት በደልዳላ መሬት ላይ ተተክሎ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ቦታ በጠጠር ይመለከታል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ጫፉ የደረሰበት ቦታ በሌላ ጠጠር ምልክት ይደረግበታል። ሁለቱን የሚያገናኘው መሥመር በግምት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሲሆን የመጀመሪያው ጠጠር በምዕራብ በኩል ያለው ነው።

ከዚያ በኋላ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቀላል የጨርቅ ቅዳጅ ይታሰራል። ንፋስ የሚሰየመው በመጣበት አቅጣጫ መሆኑን ማስገንዘብ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ ወደ ምሥራቅ ከተውለበለበ ንፋሱ የምዕራብ ንፋስ ነው። ተራራና ሸለቆ ንፋስን ስለሚያጥፉት የአንድ ግቢ ንባብ ለመላው አካባቢ ላይሠራ ይችላል።

የደመና ሽፋን ያለ መሣሪያ ይለካል። ተማሪዎቹ ሰማዩን በ8 እኩል ክፍሎች እንደተከፈለ አስበው ስንቱ በደመና እንደተሸፈነ ይገምታሉ፤ ጥርት ያለ ሰማይ 0፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ 8 ይሰጠዋል። ከሽፋኑ ጎን የጠዋቱን የሙቀት መጠን ቢጽፉ አንድ ጠቃሚ ግንኙነት ያገኛሉ፦ ደመና ያደረበት ሌሊት ሞቅ ይላል፤ ሰማዩ ጠርቶ ያደረበት ሌሊት ግን መሬት ሙቀቷን ስለምታጣ ይቀዘቅዛል። በደጋ አካባቢዎች በበጋ ሌሊት ሰብልን የሚመታው ውርጭ መንስኤው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ተግባር 4፦ ዝናብ፣ አፈርና ጎርፍ

3 የፕላስቲክ ጠርሙሶች በጎናቸው ተጋድመው የላይኛው ጎናቸው ይቀደዳል። ሦስቱም እኩል አፈር ይሞላባቸዋል። የመጀመሪያው ባዶ አፈር ይሆናል፤ ሁለተኛው በጭድ ወይም በደረቅ ቅጠል ይሸፈናል፤ በሦስተኛው ላይ ሥሩ ያልተነቀለ ሣር ይተከላል። የጠርሙሶቹ አፍ ጥቂት ወደ ታች እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ በየአፋቸው ሥር ብርጭቆ ይቀመጣል። ከዚያም ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ እኩል መጠን ያለው ውሃ ይርከፈከፍባቸዋል።

ተማሪዎች የሚፈሰው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስልና በስንት ደቂቃ እንደወረደ ይመዘግባሉ። ከባዶው አፈር የሚወጣው ውሃ ብዙና ደፍራሳ፣ ከሣሩ የሚወጣው ጥቂትና ጥራት ያለው ሆኖ ይታያል። ተመሳሳይ ዝናብ በተራቆተ ተራራና በተጠበቀ ተራራ ላይ የተለያየ ውጤት እንደሚያስከትል፣ እርከንና የአፈር ጥበቃ ሥራም ለምን እንደሚሠራ ልጆቹ ራሳቸው ያስረዳሉ።

መዝገብ አያያዝ

መዝገቡ በአንድ ጠንካራ ደብተር ላይ ይያዛል። በየመሥመሩ ቀን፣ ሰዓት፣ ዝናብ፣ ሙቀት፣ ንፋስ፣ ደመናና የመዝጋቢው ተማሪ ስም ይጻፋል። የሚከተሉት ደንቦች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊከበሩ ይገባል፦

- ያልዘነበበት ቀን 0 ተብሎ ይጻፋል። ዜሮም ልኬት ነው።
- ያልተነበበበት ቀን ሰረዝ ይደረግበታል። በባዶው ቦታ ዜሮ መጻፍ ያልታየውን እንደታየ መመስከር ነው።
- ቅዳሜና እሑድ ሳይነበብ ቀርቶ ሰኞ የተገኘው ውሃ "የ3 ቀን ድምር" ተብሎ ይጻፋል እንጂ ለሦስቱ ቀናት አይካፈልም።
- የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም። በአንድ መሥመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል።

መምህራን ለባዶ ቦታ ነጥብ እንዳይቀንሱ ይመከራል። ባዶ ቦታ የሚያስቀጣው ተማሪ ቁጥር መፍጠርን ይማራል፤ አንድ የተፈጠረ ቁጥር ደግሞ የዓመቱን መዝገብ በሙሉ አጠራጣሪ ያደርጋል።

የክረምት ዕረፍት የሚፈጥረው ክፍተት

የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ የሚጠናቀቅ በመሆኑ የትምህርት ቤቶች መዝገብ ብዙውን ጊዜ ሐምሌን፣ ነሐሴንና ጳጉሜን አይይዝም። ይህ ቀላል ክፍተት አይደለም። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ገደማ የሚሆነው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እነዚህ ወራት የጎደሉበት መዝገብ ከተማዋን ከእውነታው በግማሽ የደረቀች አስመስሎ ያሳያል። ስለሆነም ከሰኔ በፊት በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የሚኖሩ ተማሪዎች በተራ የሚመዘግቡበት መርሐ ግብር ማውጣት፣ ወይም ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሠራተኛ ጋር መስማማት ያስፈልጋል። ይህ ካልተቻለ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የጎደሉት ወራት በግልጽ ይጻፉ።

በሁሉም አካባቢ ዋናው ዝናብ የክረምት ዝናብ እንዳልሆነም ልብ ሊባል ይገባል። በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች ዋነኞቹ የዝናብ ጊዜያት በኦሮምኛ ገና እና ሐጋያ፣ በሶማሊኛ ጉ እና ደይር የሚባሉት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ ሁለተኛው በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚወርድ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ሐምሌ ደረቅ ነው። በመጽሐፉ ላይ ያለው ወቅት ከተማሪው መዝገብ ጋር ካልተስማማ መምህሩ ተማሪውን ከማረም በፊት አካባቢውን ያስተውል።

ከዕለት መዝገብ ወደ አየር ንብረት

ወሩ ሲያልቅ የዝናቡ ድምር ይወጣል። በትንንሽ ክፍሎች ለየ10 ሚሊ ሜትሩ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ በየወሩ ስም ላይ እየተደረደረ በግድግዳ ላይ ግራፍ ሊሠራ ይችላል። ከፍ ባሉ ክፍሎች ተማሪዎች አማካይን፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ልኬት ያሰላሉ። መዝገቡ ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል ሲተላለፍ የመጀመሪያው ንጽጽር ይገኛል። ውጤቱን ከሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ መረጃ ጋር ለማነጻጸር የወራቱን ልዩነት ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ የጎርጎርዮሳውያን ጁላይ ወር ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ያለውን ጊዜ ይይዛል።

ልጆች በቤታቸው አያቶቻቸውን "በልጅነትዎ የመጀመሪያው ዝናብ መቼ ይጥል ነበር? ምን ዓይነት ሰብል ይዘሩ ነበር? በየትኛው ዓመት ከባድ ድርቅ አይተዋል?" ብለው ጠይቀው መልሱን እንዲጽፉ ይደረግ። የአዛውንት ትዝታ ከባዱን ዓመት አጉልቶ የተለመደውን ሊዘነጋ ስለሚችል የልኬት ምትክ አይሆንም። ሆኖም መለኪያ ባልነበረበት ቦታ የሚገኝ ብቸኛ ምስክርነት ሊሆን ይችላልና በክብር ተመዝግቦ ይቀመጥ።

የወቅት ትንበያ "ከመደበኛ በላይ"፣ "መደበኛ" እና "ከመደበኛ በታች" በሚሉ ቃላት ሲሰጥ መደበኛ የሚለው የዚያው አካባቢ የረጅም ዓመታት ልኬት መሆኑን ማስረዳት ይገባል። የዕድልን ትርጉም ለማሳየት 10 ቆርኪዎች በከረጢት ይቀመጡ፤ በ5ቱ ላይ "በላይ"፣ በ3ቱ ላይ "መደበኛ"፣ በ2ቱ ላይ "በታች" ተብሎ ይጻፍ። ተማሪዎች እያወጡና እየመለሱ 20 ጊዜ ቢሞክሩ "በታች" የሚለውም አልፎ አልፎ እንደሚወጣ ያያሉ። ትንበያ የዕድሉን መጠን ይናገራል፤ ጥንቃቄም ለአነስተኛው ዕድል ጭምር ነው።

የደህንነት ጥንቃቄ

- ነጎድጓድ ከተሰማ ልኬት ወዲያውኑ ይቋረጣል። ተማሪዎች ግድግዳና ጣሪያ ወዳለው ቤት ይገባሉ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይወጡም። ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር መጠለልና የሽቦ አጥር መንካት አደገኛ ነው።
- የመብረቅን ርቀት መቁጠር ከቤት ውስጥ ይከናወን። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለው ጊዜ በየ3 ሴኮንዱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ያመለክታል።
- በጎርፍ የተሞላ ወንዝ ወይም ደረቅ የወንዝ መንገድ ለመሻገር አይሞከር። ዝናብ ባልዘነበበት ቦታ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በዙሪያዋ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች የጣለው ዝናብ በድሬዳዋ ከተማ በሌሊት ድንገተኛ ጎርፍ አስከትሎ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በግቢው መለኪያ 0 ስለተነበበ ወንዙ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ለልጆች በግልጽ ይነገራቸው።
- ፀሐይን በቀጥታ መመልከት ክልክል ነው።

ድጋፍ ለሚፈልጉ

ተግባራቱ ከአካባቢ ሳይንስ፣ ከጂኦግራፊና ከሒሳብ ትምህርት ጋር ተጣምረው ሊሰጡ ይችላሉ። ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባቸውን እንዲሁም የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረታቸውን በሥራው እንዲያሳትፉ ይመከራሉ። የሥልጠናና የቁሳቁስ ጥያቄ በቅድሚያ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የትንበያና የጣቢያ መረጃን በተመለከተ የሚመለከተው ተቋም የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ጥያቄው በደብዳቤ ሲቀርብ የሚፈለገው የመረጃ ዓይነት፣ ቦታው፣ ዘመኑና ዓላማው ቢገለጽ አገልግሎቱን ለመስጠት ያመቻል።

በዚህ ዓመት የሚጀመር አንድ ደብተር ለመጀመሪያዎቹ ልጆች የአየር ሁኔታን ያስተምራል። ከክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ 30 ዓመት ከቆየ ግን የአካባቢው የአየር ንብረት መዝገብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የዛሬዎቹ መዝጋቢዎች የራሳቸውን ልጆች ወደዚያው ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆች ይሆናሉ። ስለዚህ ደብተሩ ከዝናብና ከአቧራ በተጠበቀ ቦታ እንዲቀመጥ፣ ኃላፊነቱም በስም ለተመደበ ሰው እንዲሰጥ ይመከራል።